ባለ ዚግዛግ የስፌት መኪናን ወደ እግር መቀየር

በኮተቤ፣ በቡራዩ ወይም በጣፎ በረንዳ ላይ መኪናውን አስቀምጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያለው ጥቁሩ ሲንጀር ወይም የቻይናው በተርፍላይ ነው። በእግር ስለሚረገጥ መብራት ጠፋ አልጠፋ ሥራው አይቆምም። የሚጎድለው ነገር ቢኖር ዚግዛግ ነው፤ ማለትም መርፌው ቀኝና ግራ እየተወዛወዘ ጠርዝ የሚይዝበት ስፌት። የሚያወጣው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው።

ይህ ጉድለት በሸማ ላይ በደንብ ይታያል። ሸማ ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ፣ ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ካልተያዘ ክሩ እየተመዘዘ ይተረተራል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚከመረው የተማሪ ዩኒፎርምም እንደዚያው ነው። ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚይዝ መኪና) የሌለው ሰፊ ጨርቁን ይዞ ሌላ ቤት ይሄዳል፣ ወይም ጠርዙን ሁለቴ ያጥፋል።

ዚግዛግ የሚሰፉት አሮጌ መኪኖች በአብዛኛው ባለ ሞተር ናቸው። ግን ሞተራቸውን ፈትቶ በእግር በሚረገጠው ጠረጴዛ ላይ መግጠም ይቻላል። የጣሊያኑ ኔኪና የጀርመኑ ፋፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለቤት የሚሆን ዚግዛግ ሠርተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎችም በብዛት አመረቱ። ለእግር በጣም የሚመቹት እነዚህ ጃፓኖች ይመስሉኛል። ብዙዎቹ የተሠሩት በሲንጀር ልክ ነው፤ መቀመጫቸው ወደ 37 በ18 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በእግር ጠረጴዛው ክፍተት ውስጥ ልክክ ይላሉ።

ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው የእጅ ጎማው ነው። ቺንጋ የሚይዝ ቦይ ሊኖረው ይገባል። ሞተራቸው በሆዳቸው የተቀበረ መኪኖች ይህ ስለሌላቸው አይሆኑም። ውስጣቸው የፕላስቲክ ጥርስ ያላቸውንም ብትተዋቸው ይሻላል፤ በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃሉ። ከሥር የሚወርደው ብረት ጣውላውን እንዳይነካም ልብ በል። እኔ ጣውላ መጋዝ አልወድም። አንዴ ከተቆረጠ የድሮው መኪና ተመልሶ በደንብ አይቀመጥም።

ቀሪው ሥራ ካቻቢቴ ነው። ሞተሩ በብሎን ስለታሰረ ይፈታል፤ ቺንጋውን የሚከለክል ማሰሪያ ካለም አብሮ ይነሳል። ሞተሩን ግን አትጣለው፣ በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጠው። ከዚያ መኪናው በጠረጴዛው ማጠፊያ ላይ ይታሰራል፣ የቆዳው ቺንጋ ተለክቶ ተቆርጦ በሽቦ ይያያዛል። ከጠበቀ እግር ያደክማል፣ ከላላ ይንሸራተታል።

ትልቁ ድካም ጽዳቱ ነው። ዚግዛግ መርፌውን ቀኝና ግራ የሚወዘውዝ ተጨማሪ አካል ስላለው፣ ከቀጥታው መኪና ይልቅ ይከብዳል። ዓመታት የቆየ ዘይት እንደ ሙጫ ይደርቃል። ሞተር ይህን በጉልበት ያልፈዋል፣ እግር ግን አያልፈውም። በነጭ ጋዝ እያጠቡ፣ እየጠረጉ፣ በስፌት መኪና ዘይት እያለሰለሱ አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል። ጎማው በአንድ ጣት ሲገፋ ካልዞረ ገና ነው ማለት ነው። ቀላል የአሉሚኒየም ጎማ ያለው መኪና፣ የሚገጥም ከባድ የብረት ጎማ ከተገኘለት እርግጫው በጣም ይቀላል።

ታችኛው ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር መርፌው 4 ወይም 5 ጊዜ ይወርዳል። ፍጥነቱ ከሞተር ያንሳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ በእግርህ ቁጥጥር ሥር ነው። ጥለት ከቀሚስ ጋር ሲያያዝ ጥግ ላይ ደርሶ አንድ ስፌት ብቻ መውጋት ይቻላል። የሚቀረው የመኪናው አምፖል ነው። እሱ ያለ ኤሌክትሪክ አይበራም፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ወደ በሩ ይጠጋል።