የሆድ ራጅ ምንድን ነው?

«ራጅ ተነሺ» ተብላ ወረቀት የተጻፈላት ታካሚ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚያይ ይመስላታል። ራጅ ግን የሚለየው ጥቂት ነገር ነው። ጨረሩ አየርን በቀላሉ ስለሚያልፍ አየር ጥቁር ይወጣል፤ አጥንት፣ ጠጠርና ብረት ስለሚያግዱት ነጭ ይሆናሉ። ጉበት፣ ጣፊያና ፈሳሽ የሞላው አንጀት ሁሉም ግራጫ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው የአየር፣ የጠጠር ወይም የብረት ካልሆነ ማዘዙ ፊልም ማባከን ነው።

ዋናው ሥራው የአንጀት መዘጋትን ማሳየት ነው። ትንሹ አንጀት ከ3፣ ትልቁ ከ6፣ የትልቁ አንጀት መነሻ ደግሞ ከ9 ሴንቲሜትር በላይ ከሰፋ ተነፍቷል ይባላል። በአገራችን በብዛት የሚያጋጥመው የሲግሞይድ (የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል) መጠምዘዝ ራጁ ላይ ግዙፍ የቡና ፍሬ ይመስላል፣ መሀል ላይ ስንጥቁ ሳይቀር። ለቡና አገር ሰው ይህን ምልክት ማስረዳት አይከብድም! የተጠማዘዘ አንጀት ደም ካጣ ይሞታልና፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከጣፎ ሲቲ ስካን ከሌለው ክሊኒክ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ፊልሙን ይዞ ይሂድ፤ በድጋሚ ራጅ ሰዓት አይባክን።

ስህተት የሚበዛው ጨጓራ ወይም አንጀት ተበሳ ተብሎ ሲጠረጠር ነው። በጀርባ ተኝቶ ከተነሳ ያመለጠው አየር ወደ ሆድ ፊት ስለሚዘረጋ በቀላሉ አይታይም። ታካሚው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ ቆሞ የደረት ራጅ ይነሳል፤ አየሩ ከድያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) ሥር እንደ ቀጭን ጥቁር ማጭድ ይወጣል። «ሆዴን አሞኝ ደረቴን ለምን?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። መቆም ያልቻለ በግራ ጎኑ 10 ደቂቃ ያህል ተኝቶ ጨረሩ አግድም ይላክበታል። ቢሆንም ንጹህ ፊልም መበሳት የለም ማለት አይደለም፤ በቅርቡ ሆዱን ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ደግሞ ሳይበሳም ለቀናት አየር ሊኖረው ይችላል።

ልጅ ሳንቲም ከዋጠ ከአንገት እስከ ዳሌ ይነሳል። ጠርዙ ድርብ ክብ ከሆነ ክብ ባትሪ ነው፤ ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ስለሚችል ወረፋ አይጠብቅም።

የኩላሊት ጠጠር አብዛኛው ይታያል፣ የሐሞት ጠጠር ግን ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ። ለሐሞትና ለትርፍ አንጀት አልትራሳውንድ ይሻላል።

መጾም አያስፈልግም። ቀበቶ፣ ሳንቲምና ወገብ ላይ የታሰረ ክታብ ይውለቅ፤ ትንፋሽ ወጥቶ ይያዝ። ፊልሙ ብሽሽትን ካላካተተ የታነቀ ቡአ ሊያመልጥ ይችላል። የአንድ የሆድ ራጅ ጨረር ወደ 0.7 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፣ የደረቱን ሠላሳ ያህል እጥፍ፤ ስለዚህ ሴት ከመነሳቷ በፊት ስለ እርግዝና ትጠየቅ።