ስትራትፎርድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድ ግቢ

ስትራትፎርድ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በቨርጂኒያ ግዛት አርሊንግተን ካውንቲ የነበረ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በታሪክ የሚታወሰው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1959 ሰኞ ማለዳ ሮናልድ ዴስኪንስ፣ ማይክል ጆንስ፣ ላንስ ኒውማንና ግሎሪያ ቶምፕሰን የተባሉ አራት ጥቁር የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ለነጮች ብቻ ተለይቶ ወደነበረው ግቢ በመግባታቸው ነው። በዚያው ዕለት በኖርፎክ ከተማም ጥቁር ተማሪዎች ወደ ነጮች ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። የቨርጂኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን አንድ ላይ ማስተማር የጀመሩት በዚህ ቀን ነው።

ልጆቹ የመጡት ከቅርብ ነው። ሰፈራቸው ሆልስ ሂል ለስትራትፎርድ ጎረቤት ሲሆን፣ ከአጠገቡ ካለው የነጮች መንደር ጋር እንዳይገናኝ በ1930ዎቹ ግንብ ታጥሮበት ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በዘር የተለዩ ስለነበሩም የሰፈሩ ልጆች ቅርባቸው ያለውን ትምህርት ቤት አልፈው በካውንቲው ደቡባዊ ክፍል ወደሚገኘው የጥቁሮች ትምህርት ቤት፣ ወደ ሆፍማን-ቦስተን፣ ይጓዙ ነበር። የሆፍማን-ቦስተን ትምህርትና መገልገያ ለነጮቹ ከተሰጠው ጋር እኩል እንዳልነበረ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1950 ወስኗል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘር የተለየ ትምህርት ሕገ ወጥ መሆኑን በ1954 ቢያውጅም፣ የቨርጂኒያ መንግሥት ውሳኔውን አሻፈረኝ ብሎ ቆየ። የአርሊንግተን የትምህርት ቦርድ በ1956 መጀመሪያ ላይ ተማሪዎችን ቀስ በቀስ የማቀላቀል ዕቅድ ሲያወጣ፣ ግዛቱ የካውንቲውን ሕዝብ ቦርዱን የመምረጥ መብት ነጠቀው። በ1958 መኸር ደግሞ ጥቁር ተማሪዎችን እንዲቀበሉ በፍርድ ቤት የተገደዱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተደረገ፤ በኖርፎክ፣ በሻርለትስቪልና በፍሮንት ሮያል በርካታ ልጆች ከትምህርት ገበታቸው ተነሡ። መዝጊያው ሕግ የተሻረው በጃንዋሪ 1959 ነው።

አራቱ ልጆች የተመረጡበት መንገድ ሰፋ ያለ ትኩረት ይገባዋል። ወደ ነጮች ትምህርት ቤቶች ለመዛወር 30 ጥቁር ተማሪዎች አመልክተው ነበር። ባለሥልጣናቱ ማመልከቻዎቹን በመኖሪያ ክልል፣ በትምህርት ቤቱ መጨናነቅ፣ በትምህርት ውጤት፣ በሥነ ልቦና ችግርና «አዲስ ሁኔታን በመላመድ ችሎታ» መዘኑ፤ የፌዴራሉ ዳኛ አልበርት ብራያንም የ26ቱን ውድቅ መሆን ተቀብለው አራቱን ብቻ አሳለፉ። በስትራትፎርድ ክልል የሚኖር ነጭ ልጅ ግን በዚያ ለመማር መላመድ መቻሉን ማንም አልጠየቀውም። ፈተናው የተሰጠው ለአንድ ወገን ብቻ መሆኑ፣ በኋላ በክፍል ውስጥ ለተከተለው ኑሮ ሁሉ መነሻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያው ቀን ወደ 100 የሚጠጉ ፖሊሶች በግቢው ዙሪያ ቆሙ፤ ቀኑም ያለ ሁከት አለፈ። ሆኖም የፖሊስ ጥበቃ በሩ ላይ ያበቃል። በዚህ ደረጃ ያለ ተማሪ ደወል በተደወለ ቁጥር ደብተሩን ይዞ ክፍል ይቀይራል፣ ምሳውን በሳህን ተቀብሎ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ልብስ ይለውጣል። ከአንድ ሺህ ገደማ ነጭ ልጆች መካከል አራት ብቻ ሆኖ ይህን ማድረግ፣ ማንም ክፉ ቃል ባይናገር እንኳ ለ12 ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ቦርዱም ጥቁርና ነጭ ልጆች እንዳይቀራረቡ በመስጋት የትምህርት ቤት የዳንስ ዝግጅቶችን ከለከለ፤ አብሮ መማር ተፈቀደ፣ አብሮ መጫወት ግን ገና ነበር።

በአካባቢው ስለ መምህራን የተነገረው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መታለፍ የለበትም። በስትራትፎርድ የተቀላቀሉት ተማሪዎች እንጂ መምህራን አልነበሩም፤ አራቱ ልጆች በሆፍማን-ቦስተን የለመዷቸውን ጥቁር አስተማሪዎች ትተው መጡ። በደቡባዊ ግዛቶች ሁሉ ትምህርት ቤቶች ሲዋሃዱ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ የጥቁሮቹ ስለነበር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ሥራቸውን አጥተዋል ወይም ከደረጃቸው ዝቅ ተደርገዋል። አርሊንግተን ውስጥም የሆፍማን-ቦስተን ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች በ1964 ተዘግተዋል።

የስትራትፎርድ ሕንፃ ዛሬም ትምህርት ቤት ነው። ከ2019 ጀምሮ የሚጠራው ልጆቿ እኩል እንዲማሩ በፍርድ ቤት በታገለችው በዶሮቲ ሃም ስም ሲሆን፣ የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኳቸው መልእክቶች ዛሬ ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።