ሪግ ምንድን ነው? ትንሿን ካሜራ ትከሻ ላይ ስለማዋል

ጥር ሲገባ ጎንደር ውስጥ ካሜራ ያለው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። ከተራ፣ ጥምቀት፣ ከዚያ ሰርግ በሰርግ ነው። ካሜራ ቀኑን ሙሉ ከእጅ አይወርድም። ማታ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ግን ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሙሽሪት ትንቀጠቀጣለች፣ ሚዜው ይንቀጠቀጣል፣ ዳሱም አብሮ ይወዛወዛል። ሪግ የሚባለው ዕቃ የመጣው ለዚህ ጣጣ ነው።

ሪግ ካሜራውን የሚሸከም ክፈፍ ነው። እጀታ አለው፣ የትከሻ ማረፊያ አለው፣ ማይክና ሞኒተር የሚታሰርበት ቦታም አለው። ሞተር የለውም፤ ቻርጅም አይፈልግም። ቱቦ፣ ሰሌዳ፣ ቡሎንና ስፖንጅ ነው በቃ። ተሠርቶ የሚመጣው ውድ ነው። ግን አንድ ጎበዝ በያጅና አንድ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠሪ ባለበት ከተማ ይህን መሥራት አያቅትም።

ለመሆኑ ዲኤስኤልአር፣ ያ ውስጡ መስታወት ያለው ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ፣ ብቻውን ለምን አይበቃም? ካሜራው የተሠራው ለፎቶ ነዋ። ቪዲዮ በኋላ የተጨመረበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒኮን ዲ90 ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ሆኖ ወጣ። በዚያው ዓመት ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ሙሉ ኤችዲ ይዞ ተከተለ። ትልቁ ሴንሰር ጀርባውን እያደበዘዘ ፊልም የሚመስል ምስል ሰጠ። ሰርግ ቀራጩም ፊልም ሠሪውም ወደዚያው ጎረፈ። አካሉ ግን ያው የፎቶ ካሜራ አካል ነበር።

ፎቶ ስናነሣ ካሜራውን ዓይናችን ላይ እንለጥፈዋለን። ግንባርና ጉንጭ ይደግፉታል። ቪዲዮ ላይ ይህ አይሠራም። ውስጥ ያለው መስታወት ተነሥቶ እዚያው ይቆያል፤ የዓይን መመልከቻው ይጨልማል። የቀረን የጀርባው ስክሪን ነው። እሱን ለማየት ደግሞ ካሜራውን ከፊታችን ማራቅ አለብን። ክንድ ይዘረጋል፣ ክርን ከጎድን ይለቃል። አንድ ኪሎ ተኩል በተዘረጋ ክንድ ይዛችሁ ካህናቱ ወረብ እስኪጨርሱ ቁሙ፤ ያኔ ይገባችኋል። የድሮዎቹ የቪኤችኤስ ካሜራዎች ትልልቅ ቢሆኑም ትከሻ ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። ሪግ ያንን ምቾት ለትንሿ ካሜራ ይመልስላታል።

ሌላም ችግር አለ። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነበውም። ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። የታችኛው መስመር እስኪነበብ ካሜራው ከተነቃነቀ ቀጥ ያለው ነገር ይጣመማል። የፋሲል ግንብን ማማ በሚንቀጠቀጥ እጅ ቅረጹት፤ ስንት መቶ ዓመት የቆመው ድንጋይ እንደ ጄሊ ሲርገበገብ ታያላችሁ። ኤዲቲንግ ላይ የሚስተካከል ይመስላል። ሶፍትዌሩ ግን ምስሉን ከዳር ከዳር ቆርጦ ያረጋጋዋል እንጂ ይህን መጣመም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። እዚያው ቀረጻ ላይ መከላከል ይሻላል።

ሪግ ይህን የሚያደርገው ካሜራው ሰውነታችንን የሚነካበትን ቦታ በማብዛት ነው። ሁለት እጅ ብቻ የነበረው ትከሻ ሲጨመር ሦስት ይሆናል። ስክሪኑ ላይ አጉሊ መነፅር ያለው መመልከቻ ከተገጠመ ዓይንም አራተኛ ድጋፍ ይሆናል። ይህ መመልከቻ ለሌላም ይጠቅማል። የአብዛኛው ሰው ዓይን ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች የተጠጋን ነገር አጥርቶ ለማየት ይቸገራል። ስክሪኑ አፍንጫችን ሥር ከሆነ ፎከስ መሆኑንና አለመሆኑን አንለይም። የጥር ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍማ ጭራሽ ምንም አይታይም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሪግ ስንሠራ ከሁሉ በፊት የምንመልሰው ጥያቄ ክብደቱ የት ይረፍ የሚለው ነው። እንስራ የምትሸከም ሴት ጀርባዋ ላይ ታስጠጋዋለች እንጂ ክንዷን ዘርግታ አትይዘውም። ካሜራው ከትከሻ ፊት ሲሆን ወደፊት ይጎትታል። የሚጎትተው ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ በሚመጣው መጠን ነው። ካሜራው ከነሌንሱ 1.5 ኪሎ ይሁንና ከትከሻ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። 1.5 በ20 ሲባዛ 30 ነው። ከኋላም 30 መምጣት አለበት። 30 ሳንቲ ሜትር ወደኋላ 1 ኪሎ ብናስር ተስተካከለ። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ካሰርን ግን 2 ኪሎ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረት ከመጨመር የኋላውን ዘንግ ማርዘም ይሻላል። በጣም ካረዘማችሁት ደግሞ ዳስ ውስጥ ዞር ስትሉ የእንግዳ ጭንቅላት ትመታላችሁ። ጠላ የያዘች አሳላፊ ከኋላችሁ ስታልፍ አስቡት።

ከኋላ የሚታሰረው የሞተ ብረት ባይሆን ጥሩ ነው። ፓወር ባንኩ፣ የድምፅ መቅጃው፣ የሞኒተሩ ባትሪ የግድ መያዛቸው ካልቀረ እዚያ ይታሰሩ። የጎደለውን ብቻ በብረት ሙሉት።

ሚዛኑን መፈተን ቀላል ነው። ትከሻ ላይ አስቀምጡት፤ እጃችሁን ካሜራው ሥር ጠባቂ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ትንሽ ወደፊት ቢያጋድል አትጨነቁ። እንዲያውም እጅ ከሥር ደገፍ ሲያደርገው ይረጋጋል። ወደኋላ የሚወድቅ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ እጀታውን ወደ ታች ስትጎትቱ ትውላላችሁ። ክብደት ራሱ በልኩ ሲሆን ጥቅም አለው። ካሜራ ብቻውን ቀላል ስለሆነ የእጅን ትንሽ መንቀጥቀጥ ሁሉ ይቀበላል። ክብደቱ ፊትና ኋላ ሲዘረጋ ግን ለትንሽ ንቅናቄ እንቢ ይላል።

አሁን ትከሻችሁን ለኩ። ካሜራው በቀኝ ትከሻ ትይዩ ከቆመ ስክሪኑ ከዓይን ወደ ቀኝ ያመልጣል። አንገት ሲጣመም ይውላል፣ ማታ ማሸት ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከትከሻው መስመር ወደ ዓይን ትይዩ የሚያሻግር ሰሌዳ ያስፈልጋል። መስታወት ፊት ቁሙና ከትከሻ መሃል እስከ ዓይን ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ሰሌዳው ያንን ያህል ይሻገር። እጀታዎቹም ክርን ከጎድን ጋር ሳይለያይ የሚደረስባቸው ይሁኑ። ለሁሉም ሰው በአንድ ልክ የተሠራ ሪግ የማይመቸው ለዚህ ነው፤ አስለክቶ ማሠራትን የምመርጠውም ለዚሁ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቡሎኑ ላይ ነው። ካሜራ ሥር ያለው ቀዳዳ የሩብ ኢንች ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ አለው። ወደ ሚሊ ሜትር ሲመለስ ውፍረቱ 6.35፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.27 ነው። ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ቀጭን ቡሎን ስትሉ በቀላሉ የሚሰጣችሁ ግን ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ፣ በ10 ቁልፍ የሚፈታው ነው። የእሱ ጥርስ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። ዓይን አይለያቸውም። ካሜራው ላይ ስትሞክሩት መጀመሪያ ገባ ይላል። ትንሽ እንደዞረ ይነክሳል። ጉልበት ከጨመራችሁ የካሜራውን ጥርስ ይበላዋል፤ ያ ደግሞ በቡሎን ዋጋ አይጠገንም። ከተሰበረ ትራይፖድ ላይ የካሜራ መያዣውን ቡሎን አውጥታችሁ ለናሙና ይዛችሁ ሂዱ። ናሙናው የገባበት ዳዶ ውስጥ የምትገዙትም ያለ ጉልበት እስከ መጨረሻው ከገባ እሱ ነው።

ርዝመቱም ይታይ። ከሰሌዳው በላይ ብቅ የሚለው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከበለጠ የቀዳዳውን ወለል ይገፋል። ቢረዝምባችሁ ከሥር ሮንዴላ ደርቡበት። ትላልቅ ትራይፖዶች ላይ የሚገኘው ሌላው ልክ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው። እሱን ከካሜራው ጋር ሳይሆን ሪጉን ትራይፖድ ላይ ለማሰር ነው የምትፈልጉት።

ዘንጎቹ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ቱቦዎች ናቸው። ወደፊት የፎከስ ማዞሪያ ወይም ሌላ የተሠራ ዕቃ ለመግዛት ካሰባችሁ ቱቦዎቹ የውጭ ውፍረታቸው 15 ሚሊ ሜትር፣ ከመሃል እስከ መሃል ያለው ርቀት ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዕቃ አምራቾች ለቀላል ሪግ የተስማሙበት ልክ ይህ ነው። 16 ሚሊ ሜትር ቱቦ አገኘሁ ብላችሁ ብትሠሩበት ራሱን የቻለ ሪግ ይሆናል እንጂ የተገዛ መያዣ አይገባበትም። ልኩ ከጠፋ ቶርኖ ቤት ማስላጥ ይቻላል። ምንም ዕቃ የማትጨምሩ ከሆነ ግን ስለ ልኩ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ከምን ይሠራ? ቱቦላሬ በየብረታ ብረት ቤቱ አለ፤ በያጁም እጁ የለመደው ነው። ክብደቱ ግን አይጣል ነው። አሉሚኒየም የብረትን ሲሦ ገደማ ነው የሚመዝነው። ችግሩ በተራው የኤሌክትሮድ ብየዳ በቀላሉ አይበየድም። ስለዚህ በትራፓኖ በስቶ በቡሎን ማያያዝ ነው። መስኮት ሠሪዎች ጋ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ለዚህ ይሆናል። የውኃ ፒቪሲ ቱቦ ርካሽ ነው፤ በጎሚቶና በቲ እየገጣጠሙ በአንድ ከሰዓት ማለቅ ይችላል። ትንሽ ይለመጣል። ለቀላል ካሜራና ለአጭር ሌንስ ችግር የለውም፤ ከባድ ሌንስ ግን አታምኑት። እንጨትን የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቅም። ከዋንዛ የተሠራ ሰሌዳና እጀታ በጠዋት ብርድ እንደ ብረት እጅ አያቃጥልም። ቡሎኑ በሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ ይኑረው፤ አለበለዚያ እንጨቱን እየበላ ይላላል።

የላላ ነገር ሁሉ ማይክ ውስጥ ይገባል። ካሜራው ላይ የታሰረ ማይክ ከሰውየው ንግግር በፊት የሪጋችሁን ቀጭ ቀጭ ነው የሚሰማው። በየመጋጠሚያው የካላማዳሪ ቁራጭ ጣልቃ አስገቡ። ማይኩም በቀጥታ ብረቱ ላይ ሳይሆን ላስቲክ ላይ ይረፍ። የሚወዛወዝ ገመድ በጥብጣብ ይታሰር። የማሲንቆን ድምፅ ከሪግ ድምፅ መለየት ኤዲቲንግ ላይ አይሞከርም።

የማት ቦክስ (ሌንስ ፊት የሚገጠም ብርሃን መከላከያ ሳጥን) እና የፎከስ ማዞሪያ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ዓይኑ ይበራል። እውነቱን ለመናገር ለሰርግ ብዙም አይጠቅሙም። ረዳት ኖሮት ተዋናይ ለሚቀርጽ ሰው ነው ጥቅማቸው። ብቻችሁን እስክስታ ስትከተሉ ሌንሱን በጣት ማዞር ይፈጥናል። ግን ደግሞ ባለሰርግ ዓይን የሚሞላ ዕቃ ይወዳል። ትንሽ ካሜራ ይዞ የመጣን ቀራጭ “ሌላው መቼ ነው የሚመጣው?” የሚል አባወራ አይጠፋም። ለዚያ ሲባል ፊቱ ላይ ጥቁር ሳጥን የሚገጥም ቢኖር አልፈርድበትም፤ ከኋላ ሚዛኑን ይጨምርበት እንጂ። ለብርሃኑ ከሆነ ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዝ፣ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ የኤንዲ ፊልተር ይሻላል። በሰከንድ 25 ምስል ስትቀርጹ የተለመደው ሹተር፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 50ኛ ሰከንድ ነው። ያለ ፊልተር ቀትር ላይ ምስሉ ነጭ ይሆናል፤ አለበለዚያ ሌንሱን እየዘጉ ያንን የደበዘዘ ጀርባ ማጣት ነው።

የትከሻ ሪግ የማያደርገውም አለ። ስትራመዱ የእግራችሁን መውጣትና መውረድ አያጠፋም፤ ትከሻችሁ ሲነሣ ካሜራውም ይነሣል። ታቦት አጅባችሁ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ በኮብልስቶን ቁልቁል ስትወርዱ ይህ በደንብ ይታያል። ጉልበትን ሰበር አድርጎ በአጭር እርምጃ መሄድ ይረዳል፤ ሰፊ ሌንስም መንቀጥቀጡን ይሸፍናል። ጊምባል የሚባለው ባለ ሞተር የካሜራ መያዣ መዘንበሉንና መዞሩን ድንቅ አድርጎ ያረጋጋል። ከላይ ወደ ታች ያለውን የእርምጃ ዝላይ ግን እሱም ብቻውን አይጨርሰውም። ደግሞም ክብደቱ ያለው ክንድ ላይ ነው፤ ባትሪውም ያልቃል። እኔ ለመራመጃ ጊምባል፣ ቆሞ ለመቅረጽና ለሰዓታት ለሚዘልቅ ሥነ ሥርዓት የትከሻ ሪግ እላለሁ። ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ በሚገፋፋበት የጥምቀት ጠዋት ደግሞ የትራይፖድ እግር የሚዘረጋበት ቦታ ከየት ይመጣል?

ሲያልቅ ቀለም ቀቡት። ጥቁር ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ ግን አይሁን። ፀሐይ የሚያንጸባርቅ ቱቦ ሌንስና ፊልተር ላይ ነጭ ጥላ ይጥላል። ከመቀባታችሁ በፊት የቡሎኖቹን ጥርስ በፕላስተር ሸፍኑ፤ ቀለም የገባበት ጥርስ አንዴ ከጠበቀ ያለ ቁልፍ አይፈታም።