ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ “ወፍ” የያዘው አይደለም

ድሬዳዋ፣ ሰፈራችን ካለው ሉካንዳ ፊት ሁሌም ሁለት ሦስት ውሾች ተኝተው ይጠብቃሉ። ሥጋ ሻጩ ጉበት ሲከፍት ውሃ የቋጠረ ነገር ካገኘ ቆርጦ ይወረውርላቸዋል። አዝኖላቸው ነው። እኔን ግን ባየሁት ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ያ ውሃ የቋጠረው ብዙ ጊዜ ሀይዳቲድ ሲስት የሚባለው የትል ከረጢት ነው። በሰው ጉበትም ውስጥ ያድጋል። የሐሞት ቱቦ ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ ሕይወት ያሰጋል። ስለ እሱ ከሰው አፍ የምሰማቸውን ላንሳ።

“ጥሬ ሥጋ ስለበላ ነው”

ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ነው፤ እሱ ሌላ ትል ነው። የዚህኛው መነሻ ውሻ ነው። በግ፣ ፍየል፣ ከብት፣ ግመል ሲስቱን ይይዛሉ። ውሻ ያንን ጉበት ወይም ሳንባ ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እኛ ጋ የሚደርሰው በእጅ፣ በውሃ፣ ባልታጠበ ሰላጣ ነው። በርጫ ላይ ቅጠሉን አራግፋችሁ ወደ አፍ የምትሉ፣ እባካችሁ እጠቡት።

“ቢኖርብኝማ ያመኝ ነበር”

ሲስቱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊያድግ ይችላል። ለሌላ ነገር በተነሳ አልትራሳውንድ የሚገኘው ብዙ ነው።

“አቦ፣ ወፍ ነው፤ ያልፋል”

እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው ይባልና ቅጠል ይጨመቃል፣ ክንድ ይተኮሳል። የዓይን ቢጫ መሆን ግን ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም። አንዲት ጎረቤታችን ሁለት ሳምንት እንዲህ ቆየች። ሽንቷ እንደ ኮካ ጠቆረ፣ ሰገራዋ ነጣ፣ ሌሊቱን ስታክ ታድራለች። ሐኪም ቤት የወሰድናት ትኩሳቱ ሲያንዘፈዝፋት ነው። ለካ ሲስቱ የሐሞት ቱቦዋ ውስጥ ፈንድቶ ኖሯል።

ሲስቱ እያደገ ሲሄድ አጠገቡ ያለውን የሐሞት ቱቦ ተጭኖ ይቦረቡረዋል። ሲፈነዳ በውስጡ ያሉት ልጅ ሲስቶችና የወይን ልጣጭ የመሰሉ ሽፋኖች ቱቦው ውስጥ ይገባሉ። ሐሞቱ መውጫ ያጣል። የታቆረ ሐሞት ደግሞ ያመረቅዛል። የቀኝ ጎን ቁርጠት፣ ቢጫ ዓይንና ትኩሳት ከተገናኙ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መሄድ ነው። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ ቱቦውም መከፈት አለበት። አንዱ መንገድ ኢ.አር.ሲ.ፒ. ነው፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ የሐሞቱ መውጫ ሰፋ እንዲል ይደረጋል፣ ልጣጩ ይጠረጋል። ይሄ የሚሠራው ጥቂት ቦታ ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሊጻፍ ይችላል። ካልሆነ በኦፕራሲዮን ይጸዳል።

“የትል ክኒን አንዴ ይዋጥ”

ለአንጀት ትል አንድ ጊዜ የሚዋጥ አልቤንዳዞል ሊበቃ ይችላል። ለሲስት ግን አዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ 400 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ለወራት ይወስዳል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን በደንብ ይሠራል፤ ጉበትና ደምም በየጊዜው ይታያል። የተዘጋ ቱቦን ግን ክኒንም ፌጦም አይከፍትም።

“ውሃውን በመርፌ ቢመጡት ያልቃል”

ለአንዳንድ ሲስት እውነት ነው። በአልትራሳውንድ እየታየ ውሃው ይመጠጣል፣ ትሉን የሚገድል አልኮል ወይም ብርቱ የጨው ውሃ ይገባል፣ መልሶ ይወጣል። ሲስቱ ከሐሞት ቱቦ ጋር ከተገናኘ ግን ክልክል ነው፤ ፈሳሹ ቱቦውን አቃጥሎ ጠባብ ያደርገዋል። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ የወጣውን ያያል። እንደ ምንጭ ውሃ ከጠራ ጥሩ፤ ሐሞት ካለበት ፈሳሹን አያስገባም።

“ከኦፕራሲዮን በኋላ ሐሞት ከፈሰሰ አበላሽተውታል”

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የጎረቤታችን ጎን ላይ የተንጠለጠለው የፈሳሽ መቀበያ ከረጢት አረንጓዴ ፈሳሽ ሲሞላ ቤተሰቡ ከሐኪሙ ጋር ሊጣላ ነበር። ሲስቱ የነበረበት ጉድጓድ ላይ ግን ከዓይን የሚያመልጡ የቱቦ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ብዙዎቹ በራሳቸው ይደፈናሉ። እምቢ ካሉ ቱቦው ውስጥ ስቴንት (ቱቦውን ክፍት የሚያደርግ ትንሽ ቀጭን ቱቦ) ይገባና ሐሞቱ መንገዱን ይይዛል። ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ ግን ለሐኪሙ ወዲያው ይነገራል። እኛም በየጠዋቱ ከረጢቱ ስንት እንደሞላ ደብተር ላይ ጻፍን። 300 ሚሊ ሊትር፣ 180፣ 90። በሦስተኛው ሳምንት ደረቀ።