«ኮሚዩኒቲ ፊሽ» ምንድን ነው? «ሰላማዊ ዓሣ» ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው የአኳሪየሙን፣ ማለትም ዓሣ የሚያሳድግባትን የመስታወት ታንክ፣ ፎቶ ለጥፎ አየሁ። 60 ሊትር ብትይዝ ነው። ውስጧ 2 ጎልድፊሽ፣ 1 ኤንጅልፊሽ፣ 4 ኒዮን ቴትራ፣ 3 ጉፒና 1 ፕሌኮ አሉ። ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ «ሁሉም ኮሚዩኒቲ ፊሽ ናቸው፤ አይጣሉም። መጀመሪያ ትንሽ ይደነግጣሉ እንጂ ይላመዳሉ።»

«ይላመዳሉ» የምትለዋ ቃል አንጀቴን ታሳርረዋለች። በዚህች ቃል የተገዛ ስንት ዓሣ በወሩ ሲሞት አይቻለሁ። ሰውየው ክፉ አላሰበም። ሲገዛ የነገሩትን ነው የደገመው። ግን ፎቶውን አይቶ ነገ ያንኑ የሚገዛ ሰው አለ። ስለዚህ ቃሉን አንዴ እንፍታው። ስለ ፊልተር፣ ስለ ክሎሪን፣ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ታንኩ ለሳምንታት መዘጋጀት እንዳለበት አልናገርም። እሱን የሚያውቁ ሰዎችም ናቸው እዚህ ላይ የሚሳሳቱት።

ኮሚዩኒቲ ፊሽ የዓሣ ዘር አይደለም። የጠባይ ስምም አይደለም። በአንድ ውሃ ውስጥ፣ ከተወሰኑ ሌሎች ዓሣዎች ጋር፣ ዕድሜውን ሙሉ በጤና መኖር የሚችል ዓሣ ማለት ነው። «ደባል» እንደምንለው ቃል ነው። ማንም ሰው ብቻውን ደባል አይሆንም። የማን ደባል? በየትኛው ቤት? ብለን እንጠይቃለን። ዓሣም እንደዚያው ነው። «ኒዮን ኮሚዩኒቲ ፊሽ ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ የለውም። ከማን ጋር? በምን ውሃ? ስንት ሆኖ?

ደባል ፈልጋችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። «ጨዋ ሰው ነው» መባሉ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። አንዱ መስኮት ካልተከፈተ እንቅልፍ አይወስደውም። ሌላው ብርድ አይችልም። አንዱ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው። አንዱ ደግሞ ሲገባ ብቻውን ነበር፤ በዓመቱ ሚስትና ሁለት ልጅ ጨመረ። ሁሉም ጨዋ ናቸው። አንድም ቀን አልተጣሉም። ቤቱ ግን አላኖራቸውም።

ከጥል ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚያስበው እሱን ነውና። ኤንጅልፊሽ ሰላማዊ ናት ይባላል። እኔም ተብዬ ነው የገዛኋት። ያኔ አካሏ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም አይበልጥም ነበር። 12 ኒዮን ካሉበት ታንክ ጨመርኳት። ለወራት ምንም የለም። ግሩም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ስቆጥር 11 ሆኑ። ከእንጨቱ ሥር ተደብቆ ይሆናል አልኩ። በሳምንቱ 9። የሞተ አላገኘሁም፤ አጥንትም የለም።

አንድ ቀን ማለዳ ቀድሜ ተነሥቼ መብራቱን አበራሁ። ኒዮን ሌሊት ቀለሙ ይለቅቃል። ያ የሚያበራው ሰማያዊ መስመር ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል፤ መብራት ካየ ከደቂቃዎች በኋላ ይመለሳል። ኒዮኖቹ እንደዚያ ደብዝዘው ጥግ ላይ ተጠጋግተዋል። ኤንጅልፊሿ መሐል ላይ ቆማለች። ከአፏ ቀይ ጅራት ወጥቷል። አልተረበሸችም፤ አላሳደደችም። ቀስ እያለች ትውጣለች።

ይህ ጥል አይደለም። ድመት አይጥ ስትበላ ከአይጥ ጋር ተጣልታ አይደለም። ኤንጅልፊሽ አድጋ አካሏ ብቻ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ኒዮን 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ዓሣ ነው። አፏ ውስጥ የሚገባ ነገር ምግብ ነው። ስለዚህ ስትገዙ መጠየቅ ያለባችሁ «ጠባዩ እንዴት ነው?» ከማለት በፊት «ሲያድግ አፉ ስንት ይሆናል?» ነው።

እዚህ ላይ የሚመጣ ክርክር አለ። «ሁለቱም የአማዞን ዓሣዎች ናቸው፤ በተፈጥሮ አብረው ይኖራሉ» ይባላል። ለዚህ መልሱ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጣና ላይ ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ 15 ገደማ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከነዚህ 8ቱ ዓሣ በሎች ናቸው። ዘመዶቻቸውን ጭምር እየበሉ ነው አብረው የሚኖሩት። ግን ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ከዳር ሲውል አንዱ መሐል ይውላል፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። የሚበላው ይሸሻል፤ ከመቶ ጫጩት ጥቂቱ ካመለጠ ዘሩ ይቀጥላል። በ60 ሊትር ውስጥ ወዴት ይሸሻል? በአንድ ከተማ መኖርና በአንድ ክፍል መደበል ይለያያሉ።

ጠባይም ቢሆን እንደ ቀለም የተለጠፈ ነገር አይደለም። በዕድሜ ይለወጣል፤ በቁጥር ይለወጣል። ያቺው ኤንጅልፊሽ ጓደኛ አግኝታ እንቁላል ስትጥል ታንኩን ግማሽ ለግማሽ ትይዘዋለች። ሌላው ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ይታጎራል። ታይገር ባርብን ውሰዱ። 3 ብቻ ሆኖ ሲገባ የሌላውን ክንፍ እየነጨ መድረሻ ያሳጣል። ከ8 በላይ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ጉልበቱን እርስ በርሱ ይጨርሰዋል። እርግጥ ያኔም ቢሆን ክንፈ ረጅምና ዘገምተኛ ዓሣ አጠገቡ አላስቀምጥም። ኒዮን ደግሞ ተቃራኒው ነው። 2 ወይም 3 ሲሆን ይፈራል፤ ይደበቃል፤ አይበላም። ቢያንስ 6፣ ቢቻል 10 ይፈልጋል። ፎቶው ላይ ያሉት 4 ኒዮኖች ማንም ባይነካቸውም በፍርሃት ነው የሚኖሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ውሃው ልምጣ። «ይላመዳል» የሚለው ቃል የሚጎዳው እዚህ ነው።

የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ሰውነቱ ውስጥ ከውሃው የበለጠ ጨው አለ። ስለዚህ ውሃ በስንጥቡ፣ በሚተነፍስበት አካሉ፣ ሳያቋርጥ ይገባበታል፤ ጨው ደግሞ ይወጣበታል። ኩላሊቱ ቀን ከሌት የገባውን ውሃ ያስወጣል። ስንጥቡ የጠፋውን ጨው ከውሃው ይለቅማል። ይህ ሥራ እስትንፋሱ እስኪያበቃ አይቆምም። ኒዮን ማዕድን በጣም ካነሰበት የአማዞን ውሃ የመጣ ነው። ሞሊ የምትባለው ዓሣ ግን ኖራ የበዛበት፣ አንዳንዴም ጨዋማ ውሃ ውስጥ የኖረች ናት። ማዕድን ያነሰው ውሃ ውስጥ ስትቆይ ሰውነቷ ማካካስ ያቅተዋል። ክንፏን አጣብቃ ባለችበት ስትወዛወዝ ታያላችሁ፤ የምትዋኝ ትመስላለች፤ ግን ፈቀቅ አትልም። ሰው ይህን አይቶ «እየጨፈረች ነው» ሲል ሰምቼ አዝኛለሁ።

በርግጥ ዛሬ የሚሸጠው ኒዮን አብዛኛው በእርባታ የተፈለፈለ ነው። ከዱር ዘመዶቹ ይልቅ መካከለኛ ውሃ ይችላል። ስለዚህ የፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳይ) ቁጥር እያሳደዳችሁ ኬሚካል አትጨምሩ። የሚዋዥቅ ውሃ ትንሽ ከማይስማማ ውሃ ይከፋል። የቧንቧችሁን ውሃ ዕወቁና ለሱ የሚሆን ዓሣ ምረጡ። ሳሙና አረፋ አልሰጥ የሚል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ ከሆነ ለጉፒ፣ ለፕላቲና ለሞሊ ይመቻል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሰፈር ይለያያል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣ አለ፤ ከአቃቂ ጉድጓድ የሚመጣ አለ። የጉድጓድ ውሃ በአብዛኛው ማዕድኑ ይበዛል። የጓደኛችሁ ታንክ ስለሠራ የእናንተም ይሠራል ማለት አይደለም።

ሙቀቱም እንደዚያው ነው። ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል። ኤንጅልፊሽ ከ24 ዲግሪ በላይ ትፈልጋለች። መስኮት ክፈቱ የሚለውና ብርድ የማይችለው ደባሎች እነዚህ ናቸው። መሐል ላይ 23 ብታደርጉት ሁለቱም ቅር ይላቸዋል። ጎልድፊሽ በዚያ ላይ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ሲያድግ ኒዮኑም ጉፒውም አፉ ውስጥ ይገባሉ። ከአዲስ አበባ ክረምት ሌሊት ጋር ያለ ሂተር መኖር የሚችለው ግን እሱ ነው። ትንሽ ዓሣ ለምትፈልጉና ሂተር ለሌላችሁ፣ ካገኛችሁ፣ የቻይናው ዋይት ክላውድ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማንም አይናገረውም። «ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚሉት መመሪያዎች በአብዛኛው ከፍታን አያስቡም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። እኔ መመሪያው 20 ካለ 15 ነው የማስገባው። ኤር ፓምፑንም ሌሊት አላጠፋም። ድሬዳዋ ላላችሁ ከፍታው ይቀልላል፤ ሙቀቱ ግን ይጠብቃችኋል።

ፕሌኮን ሳልጠቅስ አላልፍም። 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ «ቆሻሻ ይበላል» ተብሎ ይሸጣል። ተራው ፕሌኮ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። የሚያቆሽሸውም ከሚያጸዳው ይበልጣል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ወደ 8 እጥፍ እንደሚጠጋ አስቡት። ኮሪዶራስ የሚባለው ዓሣም የጽዳት ሠራተኛ አይደለም። ከታች የሚኖር፣ የራሱ ምግብ የሚያስፈልገው፣ በ6ና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደሰት ዓሣ ነው። ስለታም ጠጠር ላይ ስታኖሩት ጢሙ ይጎዳል።

ጉፒም ሚስትና ልጅ የጨመረው ደባል ነው። ሴቷ በወር ገደማ ትወልዳለች፤ በአንዴ 20 እና 30 ጫጩት ልትጥል ትችላለች። ሴት ብቻ ብትገዙም አትድኑም። ከአንዴ ግንኙነት ያገኘችውን ዘር ለወራት አቆይታ ደጋግማ ትወልዳለች። ወንድ ካስገባችሁ ለ1 ወንድ 2 ወይም 3 ሴት አድርጉ፤ አለዚያ አንዷን ሲያባርሩ ውለው ያደክሟታል።

«የኔዎቹ ግን ይኸው ዓመት ኖሩ» የሚለኝ ሰው አለ። ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ኒዮን 5 ዓመት ሊሞላው ይችላል። ኤንጅልፊሽ እስከ 10። አንድ ዓመት ኖረ ማለት ገና አልሞተም ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ሲሞት «በሽታ ነው» እንላለን። መጀመሪያ ቀን የገባበትን ቤት ግን እንረሳዋለን።

እኔ ዛሬ 100 ሊትር ታንክ ብጀምር፣ የሰፈሬ ውሃ ማዕድን ያነሰበት ስለሆነ፣ መጀመሪያ 6 ኮሪዶራስ አሸዋ ላይ አስገባለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ 10 ኒዮን ለመሐል። መጨረሻ ላይ ለላይኛው ክፍል 2 ሃኒ ጉራሚ፣ ወንድና ሴት። ሂተሩ 25 ላይ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ውሃ ይስማማቸዋል። አንዱ የሌላው አፍ ውስጥ አይገባም። እያንዳንዱ የራሱ ፎቅ አለው። ቦታ ቢተርፍም ሌላ ዘር አልጨምርም።

አሁን በእጃችሁ ያልተስማሙ ዓሣዎች ካሉ ለዩዋቸው። የገዛችሁበት ሰው ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልሆነ ትልቅ ታንክ ላለው አሳዳጊ ስጡ። ብቻ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አትልቀቁ። ጎልድፊሽም ጉፒም በብዙ አገር ከቤት ወጥተው ውሃውን ወርሰዋል። የጣናን ቢልጫ የሚተካ ሌላ ሐይቅ የለም። የኔዋ ኤንጅልፊሽ የራሷ ታንክ ተሰጥቷት ሰባት ዓመት ኖረች። የተረፉት 7 ኒዮኖች ላይ 5 ጨመርኩ፤ በሳምንቱ ከእንጨቱ ሥር ወጥተው መሐል ላይ መዋኘት ጀመሩ።