ድኜ ልታከም

«መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ ንስሐ እገባለሁ።»

ይህን ብሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኔ ስንት ዓመት ብዬዋለሁ። ነገሩ «ድኜ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» እንደ ማለት ነው። ጌታ ከቀራጮች ጋር ማዕድ ተቀመጠ ተብሎ ሲታማ፣ ሐኪም የሚያስፈልገው ለታመመ ነው ብሎ መልሷል (ማርቆስ 2፥17)። ኃጢአትን ስለ ማሸነፍ እንዲህ የምንባባለው ብዙ ነው።

«ከልቡ የተመለሰ ሰው ፈተናው ይተወዋል።»

ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የሽፍቶች አለቃ የነበረ ሰው ነው። አስቄጥስ ገዳም ገብቶ መነኮሰ። የድሮው ምኞት ታዲያ ደጅ ቀረ? አልቀረም። ሌሊት ሌሊት ለዓመታት አሠቃየው። ተስፋ ቆርጦ ወደ መምህሩ ወደ አባ ኤስድሮስ ሲሄድ፣ ጣሪያ ላይ አውጥተው ጎሕ ሲቀድ አሳዩት ይባላል። ጨለማው በአንዴ አይሸሽም፤ ያንተም እንዲሁ ነው አሉት። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሌሊት ደግሞ ለሽማግሌ መነኮሳት ከሩቅ ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። ይህቺን ነገር በጣም እወዳታለሁ። ከምኞቱ ጋር ቁጭ ብሎ አልተከራከረም፤ ማሰሮውን አንሥቶ ወጣ።

«ሐሳቡ ከመጣብኝ ያው ሠርቼዋለሁ።»

ኧረ አይደለም። ጌታም በምድረ በዳ ተፈትኗል፣ ኃጢአት ግን የለበትም። ሐሳብ በር ያንኳኳል። ወንበር ስቦ ቡና የሚያፈላለት የቤቱ ባለቤት ነው።

«ጎበዝ ፈተናውን ፊት ለፊት ይጋፈጣል።»

ዮሴፍ የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ስትይዘው ልብሱን ጥሎላት ነው የሮጠው (ዘፍጥረት 39)። ፈሪ ያለው የለም።

«ጾም ሲገባ እተወዋለሁ።»

የሁዳዴን 55 ቀን መጠጥ ሳይቀምስ የሚጨርስ ስንት ሰው አለ! ለቅበላ ግን እስኪያንገዳግደው ይጠጣል፣ ፋሲካ ለት ደግሞ የቀረውን ከነወለዱ ይከፍላል። በጾሙ አልቀልድም። 55 ቀን መቻሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ለ56ኛው ቀን ምንም አለማሰቡ ነው።

«ያንኑ ኃጢአት ደግሜ ብናገር አባ ምን ይሉኛል?»

እኔን የያዘኝ ይህ ነበር። ሰውን ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በሉ ያለ ጌታ በሦስተኛው እንደማይሰለቸኝ አውቃለሁ። አባን ግን ፈራሁ። አንገቴን ደፍቼ ያንኑ ነገር፣ ሌሊት በስልክ የማየውን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ።»

«ስልኩ የት ያድራል?»

«ትራሴ ሥር፣ አባ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያው ስግደት ከመጨመሬ በፊት ስልኩ ሳሎን ይደር።»

ተግሣጽ ስጠብቅ ስለ ቻርጀር አወራን። ከአልጋዬ እስከ ሳሎን አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ሄጄ የማመጣበት ሌሊት አለ። ስድስተኛው እርምጃ ላይ የምመለስበትም አለ።