«ማንም አልረዳኝም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ሥራዬ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ ነው፤ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። የነዋሪ ስብሰባ አያመልጠኝም። ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ስብሰባው ይበዛል። መድረክ ላይ የሚወጣው ሰው የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው። በድህነት አደገ፣ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ተመላለሰ፣ ጥሮ ግሮ ሰው ሆነ። ችግሩን አልጠራጠርም። ችግር ሐሰት ነው የሚል ካለ እኔ ጋር አንድ ቀን ይዋል። የሚያናድደኝ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ነገር ነው።

«በራሴ ላብ ብቻ ነው እዚህ የደረስኩት»

አንድ እጩ ልደታ አካባቢ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር በአንዲት ክፍል ማደጉን እንባ እየተናነቀው ነገረን። እናቱ ጉሊት ሸጠው ነው ያስተማሩት። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ «የመንግሥት እጅ ጠብቀን አናውቅም» አለ።

ያቺ ክፍል እኮ የቀበሌ ቤት ነበረች! በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም በዚያው ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ ለአስርት ዓመታት ብዙ ቤተሰብ በጥቂት ብር ኪራይ መሀል ከተማ ኖረ። ጉሊት የምትሸጥ እናት የገበያ ኪራይ ብትከፍል ኖሮ ለልጆቿ ደብተር የምትተርፍ ሳንቲም አይኖራትም ነበር። ትምህርት ቤቱም የመንግሥት ነው፣ ክትባቱም በነጻ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም ሲገባ ዶርሙና ካፌው ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው። አባቱ ሲሞቱ ድንኳን የጣለው እድር ነው፣ ንፍሮ የቀቀለው ጎረቤት ነው። ይህን ሁሉ «ማንም» ማለት ነውር ነው።

በስም የምናውቃቸውን ሰዎችም እንይ። ኃይለማርያም ደሳለኝ ከወላይታ ወጥተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተማሩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያደጉት ብርቱካን ሚደቅሳ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው ዳኛ ሆኑ፣ በኋላም ምርጫ ቦርድን መሩ። በሁለቱም ዘመን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በመንግሥት ወጪ ነበር። ይህን መናገር ከልፋታቸው ላይ ቅንጣት አይቀንስም። ያለ ጉብዝና ማንም እዚያ አይደርስም። ያለ ዩኒቨርሲቲውም ግን አይደረስም።

ለምን ይህን ያህል ትቆጫለሽ የሚለኝ አይጠፋም። የምቆጨው ንግግሩን የሚሰሙትን ሰዎች ስለማውቃቸው ነው። በሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሆችን እያሠራ በሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም፣ መንገድ የሚጠርጉ አንዲት እናት አሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣሉ። ሥራ ሲጨርሱ ብሎኩ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ሰደርያቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይከታሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ነው ደረጃውን የሚወጡት። ያ ስብሰባ ላይ አጠገቤ ነበሩ። ሲወጡ ክንዴን ይዘው «እህቴ፣ ይኸው እሱ ማንንም ሳያስቸግር ሰው ሆነ። እኔ ግን ልጄን ተረጂ አድርጌ አሳደግሁት» አሉኝ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ጎበዝ ተማሪ ነው። በትምህርት ቤት ምገባ ይበላል፣ ዩኒፎርሙን ከተማ አስተዳደሩ ነው የሰጠው። እጩው ልጅ ሳለ ከነበረበት ኑሮ የሳቸው በምን ይለያል? በምንም። እሱ የተሰጠውን ስለደበቀ ብቻ እሳቸው አፈሩ።

ስለዚህ እጩዎች ሆይ፣ ታሪካችሁን ንገሩን፣ ግን ሙሉውን። የቤት ኪራዩን ማን እንደደጎመው፣ የትምህርት ክፍያውን ማን እንደሸፈነው፣ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደታከማችሁ ተናገሩ። ከዚያ ያ ጤና ጣቢያ ዛሬ መድኃኒት እንዲኖረው ምን እንደምታደርጉ ጨምሩ። ነዋሪዎችም ከማጨብጨባችሁ በፊት ጠይቁ።

«ሴፍቲኔት ሰውን ሰነፍ ያደርጋል»

ይህን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከእንቅልፋቸው የሚነሱ ሰዎች ናቸው። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ለአብዛኛው ተጠቃሚ የሥራ ፕሮግራም ሆኖ ነው የተጀመረው። መሥራት የሚችል ጽዳት፣ አረንጓዴ ልማት፣ የከተማ ግብርና ላይ ይሠራል። ከሚከፈለው ላይ 20 በመቶው ይቆጠብለታል። ሳይሠራ የሚከፈለው አቅም የሌለው ነው፤ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ጽኑ ሕመምተኛ።

ኮንዶሚኒየም በነጻ ይታደላል የሚሉም አሉ። 20/80 የሚባለው እኮ ባለዕድሉ 20 በመቶውን ከፍሎ ቀሪውን ከባንክ የሚበደርበት ነው። በነጻ አይደለም። ድጎማ ግን አለበት፤ ባለቤቶቹም ይህን አይርሱ።

«ኮስት ሼሪንግ ከፍያለሁ፣ የማንም ዕዳ የለብኝም» የሚለውንም ከተማሩ ሰዎች ነው የምሰማው። ተማሪው የዩኒቨርሲቲ ወጪውን ከመንግሥት ጋር የሚጋራበት ይህ አሠራር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ተመራቂው የሚመልሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ነው። የቀረውን የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው። ሻይ ላይ፣ ስኳር ላይ፣ ሳሙና ላይ ግብር የከፈለችው የሰፈራችሁ እናትም አለችበት።

«ድህነትን የቀመሰ ድሀን አይረሳም»

ይህ ደግሞ ቅን ሰዎች የሚሳሳቱት ነው። የአሜሪካው ፖል ራየን አባቱ ሲሞቱ 16 ዓመቱ ነበር። መንግሥት ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች የሚከፍለውን ገንዘብ አግኝቷል፣ ለኮሌጅም አጠራቅሞታል። ሰውዬው አድጎ የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነ። የሚታወቀውም ማኅበራዊ ድጎማዎች እንዲቀነሱ በመሟገት ነው። የሚቀርቡንን ሰዎች በቀመሱት ችግር ሳይሆን ባቀረቡት ዕቅድና በሰጡት ድምፅ እንመዝን።

«እርዳታውን የሰጠን ፓርቲው ነው»

በጣም አደገኛው ይህ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶችን በእኩልነት ማግኘት የዜጋ መብት ነው ይላል። ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ልጆች አቅም በፈቀደ መጠን እርዳታ እንዲሰጥም ያዛል። ውለታ አይደለም፣ በድምፅም አይመለስም። ድምፅ ደግሞ በምስጢር ነው የሚሰጠው። «እኛን ካልመረጥሽ ከተረጂዎች ዝርዝር ትወጫለሽ» የሚል ሰው ከመጣ፣ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለና ቀኑን ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ ልጆቻችሁን አስጽፉ። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አቅርቡ፣ አንድ ቅጂ ላይም ፈርመው እንዲቀበሏችሁ ጠይቁ።